ሐረጉ የዳሚቱ፣ ሥሩ የሲምቦ

በዚያ ዓመት ክረምቱ በአንድ ጠዋት ወጣ ማለት ይቻላል። ማታ ሲያወርደው አመሸ፤ ጠዋት በሩን ስንከፍት ሰማዩ ታጥቦ፣ መሬቱ እንደ ትኩስ ዳቦ እየተነነ ጠበቀን። ወንዙ ገና ድፍርስ ነበር፣ ጩኸቱ ግን በርዷል። እንዲህ ያለ ጠዋት በመንደራችን በቀሬ ጎሮ ሴት ቤቷ አትቀመጥም፤ እግሯ ራሱ ወደ ጓሮ ይወስዳታል። እንደ ድንች ሥሩ ከሚበላው ከአንጮቴው ሐረግ ግርጌ ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ጫር ጫር ታደርጋለች። አፈሩ ተሰነጣጥቆ ካገኘችው ከታች ያለው አብጧል ማለት ነው፤ ደስታው ከጣቷ ተነስቶ እስከ ትከሻዋ ይወጣል። ድፍን ያለ ከሆነ ግን ቀና ትልና ሰው አየኝ አላየኝ ብላ ዙሪያዋን ትቃኛለች።

ዳሚቱ በዚያ ጠዋት ዙሪያቸውን ከቃኙት አንዷ ነበረች። ከአጥሩ ማዶ ሲምቦ እየዘፈነች ስትቆፍር ይሰማል።

ዳሚቱ የፊጡማ ሚስት ናት። ከቄለም በኩል በበቅሎ ተጭና ስትመጣ አገሩ ሁሉ እሷን ለማየት መንገድ ዳር ወጥቶ ነበር። እንደ ሸንበቆ የተመዘዘች፣ እጇ ያረፈበት ሁሉ የሚያምር፣ የሰፋችው ሰፌድ ውሃ የሚይዝ የሚመስል ሴት ነበረች። ለብዙ ዓመት በዚያ ግቢ ውስጥ የሚጠራ ስም የእሷ ብቻ ነበር። ኋላ የባሏ ታናሽ ወንድም ኦልጅራ ሲምቦን አገባና አመጣ። ሲምቦ ጠቆር ያለች፣ አጭር፣ ሳቂታ፣ ወጥ የምታሳርር፣ ስፌት ስትሰፋ ጠርዙ የሚጣመምባት ልጅ ነበረች። ዳሚቱ ወደደቻት። የማትቀድማትን ሰው መውደድ ምን ይከብዳል! ወጥ አሠራሩን አሳየቻት፣ ቅቤ አነጣጠሩን አሳየቻት፣ የአንጮቴ ዘር እንዴት ከአመድ ጋር ተቀላቅሎ ሳሳ ተደርጎ እንደሚበተን እጇን ይዛ አስተማረቻት። ነገሩን ሁሉ ያመረረው ይኼ ነው። ያስተማረቻት እሷ ናት።

የሁለቱን ቤት ጓሮ የሚለየው የቆርች ዛፍ አጥር ነው። ከአጥሩ መሃል በትልቁ ቆርች ላይ እናት አንጮቴዋ ትወጣለች። እናት አንጮቴ አትበላም። ሥሯ መሬት ውስጥ ዓመት ከዓመት እየቆየ እንጨት ይሆናል፤ ሐረጓ ግን በየዓመቱ ያንሰራራና ፍሬ ያንጠለጥላል። ፍሬው ሲበስል እንደ በርበሬ ይቀላል፣ ዘሩም ከእሱ ነው። ይህችን እናት የተከሉት የሁለቱ ወንድማማቾች እናት አዴ ቡልቱ ናቸው። እሳቸው በአገራችን ልማድ ከታናሹ ልጃቸው ጋር ስለሚኖሩ የሚያድሩት ከሲምቦ ቤት ነው። በየዓመቱ ቀዩን ፍሬ አመድ ላይ እየጨመቁ አድርቀው፣ በቅጠል ጠቅልለው፣ ለሁለቱም ምራቶቻቸው እኩል ያካፍላሉ። እኩል ነው ይላሉ። ዳሚቱ ግን ዓይናቸው የደከመ አሮጊት እኩል መሆኑን በምን ያውቃሉ ስትል ከረመች።

በዚያ ዓመት ለመስቀል ሁለቱም አንጮቴያቸውን ቀቅለው፣ ልጠው፣ በቅቤና በሚያቃጥል ቆጭቆጫ አሽተው ለአማታቸው አቀረቡ። ሳይላጥ የቀረውንም ለማየት ያህል ከጎኑ አስቀመጡ። አዴ ቡልቱ በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

“ይኼ የማን ነው?”

“የእኔ ነው እማማ” አለች ሲምቦ።

“አንጮቴ ነው ወይስ የጥጃ ራስ? ጆሮው የት አለ?”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እጃቸው ወደ ሌላው ሄደ።

“ይኼስ? ድንች ማን አመጣ?”

“የእኔ ነው” አለች ዳሚቱ።

“ውይ ልጄን! ያንቺ ነው ለካ። ግድ የለም፣ ትንሽም ቢሆን ይጣፍጣል።”

*ትንሽም ቢሆን።* ይህች ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆመች። ይህም ሳያንስ ልጇ ኦብሴ፣ ያን ዓመት ወንዝ ማዶ የተዳረችው፣ ለበዓሉ መጥታ ስለነበር ከሲምቦ ሳህን ደጋግማ ጎረሰችና ጣቷን ላሰች።

“አክስቴ፣ እኔ ስወልድ ይኼን ነው የምበላው! ሌላ አልፈልግም!”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳሚቱም ሳቀች፤ ማሽላም እያረረ ይስቃል።

በእኛ ዘንድ ልጅ ስትወልድ ገንፎውን ማንም ያገንፋው፣ ቅቤውን ማንም ያምጣው፤ አንጮቴው ግን የእናት ነው። የአራስን አጥንት የሚጠግነው እሱ ነው ይባላል። እናት ከገዛ ጓሮዋ ቆፍራ በጀርባዋ ተሸክማ ትሄዳለች። ልጇን ሌላ ሴት አበላቻት ከተባለ፣ ያችን እናት ከነሕይወቷ ቀበሯት ማለት ነው። ዳሚቱ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ለከርሞ ኦብሴ ትወልድ ይሆናል። ያ አንጮቴ የእሷ መሆን አለበት፤ የጥጃ ራስ የሚያክል የእሷ።

መጀመሪያ ነገሩን በእበት አሳበበች። የሁለቱ ወንድማማቾች ከብት አንድ ላይ ነው የሚያድረው። በረቱ ቋሚ አይደለም፤ በጋ በጋውን እየተነቀለ ከማሳ ወደ ማሳ ይዞራል፣ ከብቶቹ ያደሩበት መሬትም ይወፍራል። ባለፈው በጋ በረቱ ሲምቦ ጓሮ አጠገብ ሰንብቶ ነበር።

“የኦብሴ አባት፣ ዘንድሮ በረቱ ወደ እኔ ጓሮ ይምጣ” አለችው ባሏን።

“የበቆሎው ማሳስ?”

“በቆሎ! ሁልጊዜ በቆሎ! ከብቶቹ የወንድምህ ሚስት ጓሮ ሲያንቀላፉ የከረሙት በቆሎ ልትዘራ ኖሯል?”

“እናቴ ናት ያዘዘችው። ደግሞም አንድ ሰሞን ነው።”

“ለእሷ አንድ ሰሞን! ለእኔ የበሬ ጭራ እንኳ ዞር አላለልኝም።”

ፊጡማ ሰላም ወዳድ ሰው ነበር፤ ጭቅጭቅ ከሚሰማ ቆርች ተሸክሞ ዳገት ቢወጣ ይመርጣል። “ከፈለግሽ አልጋሽ ላይ አሳድሪያቸው!” ብሎ ወጣና በረቱን ነቅሎ ጓሮዋ ተከለው። በጋውን ሙሉ እዚያው ቆየ። እበቱ እስከ ጉልበት ደረሰ። የሠፈሩ ሴቶች “ዳሚቱ ቤት እሳት ልጭር ሄጄ ጫማዬን ውጦ አስቀረብኝ” እያሉ ያወሩ ነበር።

አዴ ቡልቱ በምርኩዛቸው እየዳሰሱ መጥተው አሸተቱት።

“ልጄ፣ ይኼ ገና ትኩስ ነው። ይብሰል፣ ፍግ ይሁን። ትኩስ እበት ላይ አንጮቴ ይሰክራል፤ ሲሰክር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚጨፍረው።”

“እሺ እማማ” አለች ዳሚቱ። በልቧ ግን ‘ለሲምቦዎ እንዳልደርስባት ፈርተው ነው’ አለች።

በሚያዝያ ነጩ ማዳበሪያ መጣ። ለበቆሎ ተብሎ በገበሬ ማኅበሩ በኩል በከረጢት የሚታደለው ነው። ፊጡማ ለማሳው ሲበትን ዳሚቱ ከከረጢቱ በጣሳ እየቀዳች በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረች። ከብት የሰጠውን ሰጥቷል፤ መንግሥትም የድርሻውን ይስጥ አለች።

መሬቱ እንግዲህ ደለበ። ዘሩ ቀረ። እዚህ ላይ ነው ቅናት ልቧን እንደ ምስጥ የበላው። መሬቱ የእሷ ከሲምቦ የማይተናነስ ከሆነ፣ ጉልበቱም የእሷ ከሆነ፣ ያስተማረችውም እሷ ከሆነች፣ ልዩነቱ ከዘሩ ካልሆነ ከየት ይመጣል? አሮጊቷ የላይኛውን ወፍራም ፍሬ ለሲምቦ፣ የታችኛውን ጭንጋፍ ለእሷ ይሰጣሉ። እርግጠኛ ሆነች። ታዲያ ፍሬ ለምን ትለምናለች? ኃይሉ ያለው ከእናቲቱ ነው። ያን ያህል ዘመን መሬት ውስጥ ተቀምጣ የጠጣችው፣ ያ ሁሉ ፍሬ የሚወጣላት፣ ያች ተቆራርጣ ብትተከል የማትሆነው ምን አለ?

የቀሬ ጎሮ ትንሽ ልጅ እንኳ እናት አንጮቴ ለዘር እንጂ ለአፍ እንደማትሆን ያውቃል። ዳሚቱም ታውቅ ነበር። የቀናች ሴት ግን የምታውቀውን ሁሉ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስላታል።

ቅዳሜ ቀን ነው። ግቢው ሁሉ ጊምቢ ገበያ ወርዷል፤ አዴ ቡልቱ ፀሐይ ላይ ተኝተዋል። ዳሚቱ ራሴን አመመኝ ብላ ቀረችና ከራሷ በኩል ባለው የአጥሩ ሥር በመቆፈሪያ ገባች። ሥሩ ሲወጣ እንደ በግ ይከብድ ነበር፣ ቅርፊቱ እንደ ዝሆን ቆዳ። በነጠላዋ አዝላ ስትወስደው ከኋላዋ የሚያለቅስ ሕፃን ያለ እየመሰላት ደጋግማ ዞራ አየች። በገጀራ ቆራረጠችው፤ ፈሳሹ እጇን አጣበቀው፤ አመድ ብትቀባ፣ በሎሚ ብታሸው አልለቅ አለ። ቁርጥራጮቹን እበቱ ውስጥ አንድ በአንድ ቀበረቻቸው፣ ነጩንም ማዳበሪያ ከላይ ነሰነሰችባቸው።

ማክሰኞ ላይ የሲምቦ ጩኸት ተሰማ።

“እማማ! እናቲቱ ጠወለገች!”

ሰው ተሰበሰበ። ሐረጉ ቆርቹ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ አሮጌ ገመድ ተጨማዷል፤ ከሥሩ ጉድጓድ ነው።

“ጃርት ነው!” አለች ዳሚቱ ከሁሉ ቀድማ። “ጃርት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! እግሩን ይስበረው! እሾኩ ወደ ውስጥ ይብቀልበት! የሰው ዘር የሚያጠፋ፣ ዘሩ ይጥፋ!”

“ተይ ዳሚቱ፣ ጃርቱን እንኳ ይብቃው” አለች አንዷ ጎረቤት።

ሲምቦ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አዴ ቡልቱ በምርኩዛቸው ጉድጓዱን ዙሪያውን ነካ ነካ አደረጉት።

“ጃርት ሲበላ ፍርፋሪ ይጥላል” አሉ። “ይኼኛው ሳህኑን ልሶ ነው የሄደው።”

ይህን ብለው ወደ ፀሐያቸው ተመለሱ።

ግንቦት ሲገባ ኦብሴ መፀነሷ ተሰማ። በዚያው ሳምንት ሲምቦ ዘር ይዛ መጣች። ካምናው የተረፋት በአመድ የተለወሰ እፍኝ ዘር ነበራት፤ ከሁለት ከፍላ ግማሹን በኮባ ቅጠል ጠቅልላለች።

“እትዬ፣ ዘንድሮ እንግዲህ ከእናቲቱ የሚገኝ የለም። ኦብሴ ደግሞ… ባዶ እጅሽን አትሂጂባት ብዬ ነው።”

“ባዶ እጄን ማን አለሽ?”

“ኧረ እንዲሁ ነው እትዬ።”

“ግዴለም፣ አስቀምጪው።”

ሲምቦ ከበሩ ስትወጣ ዳሚቱ ዘሩን ለዶሮዎቹ በተነችው። እንግዲህ ይኼን ምን ይሉታል? ስታበላ ትበልጣታለች፣ ስትስቅ ትበልጣታለች፤ አሁን ደግሞ በመስጠት ልትበልጣት! ያ እፍኝ ዘር ከሁሉም በላይ አቃጠላት።

ሰኔ ሐምሌ የዳሚቱ ወራት ነበሩ። እንደዚያ ያለ ሐረግ በቀሬ ጎሮ ታይቶ አይታወቅም። ቅጠሉ የሰው መዳፍ ይበልጣል። አጥሩን ሸፈነ፣ ቡናው ላይ ወጣ፣ በነሐሴ የቤቱን ጣሪያ ያዘ። ሴቶች ለማየት ይመጣሉ።

“ዳሚቱ፣ ቤትሽ ወዴት ገባ?”

“ከቅጠሉ ሥር ነው፣ ፈልጊው!”

“ምን አስነካሽው?”

“እጅ ነዋ እህቴ፣ እጅ!”

የሲምቦ ሐረግ እንደ ወትሮው ነው፤ ልከኛ፣ ከወገብ በላይ የማይሄድ። በዚያ ክረምት ዳሚቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሎች ሲቀኑባት አየችና እንደ ማር ጣማት። በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ሲምቦን ጠራቻት።

“ዘንድሮ ለኦብሴ ብለሽ አትድከሚ። የእኔ ይበቃታል፣ ይተርፋታልም። ያንቺን ገበያ አውጪው።”

“እሺ እትዬ” አለች ሲምቦ። አልከፋትም። መቼ ከፍቷት ያውቃል!

አዴ ቡልቱም አንድ ቀን መጥተው ሐረጉን በጣታቸው ተከትለው ሄዱ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

“አበባ ነው እንዴ?”

“አዎ እማማ፣ ፍሬም ይዟል! ብዛቱ!”

“በመጀመሪያ ዓመቱ?”

“የእበቱ ነዋ።”

“አሃ” አሉ አሮጊቷ። “የእበቱ።” ዘወር ብለው ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ሄዱ። ዳሚቱ ነገሩን የተረዳችው ከሄዱ በኋላ ነው። እንዲህ ፍሬ የሚያንዠረግገው የከረመ ሥር ብቻ ነው።

ጥቅምት ላይ ኦብሴ ወንድ ልጅ ወለደች። አምስተኛው ቀን ሸነን ነው፤ ሴቶች ተሰብስበው ገንፎ የሚበሉበት፣ አራሷን የሚዘፍኑላት ቀን። ዳሚቱ በዋዜማው ማለዳ መቆፈሪያዋን ይዛ ወጣች። አፈሩን ጫር አደረገች። አልተሰነጠቀም። ሌላ ቦታ ጫረች። ድፍን ነው። ሐረጉን በገጀራ ጥሳ ቆፈረች።

ያ ሁሉ ቅጠል፣ ያ ሁሉ ክረምት፣ ከሥሩ ያሉት የቀበረቻቸው ቁርጥራጮች ነበሩ፤ ይበልጥ ጠንክረው፣ ዙሪያቸውን እንደ ፍየል ጢም ቀጫጭን ሥር አብቅለው። አንዱን ወስዳ ጣደችው። ውሃው አለቀ፣ እንጨቱ አለቀ፣ እሱ ግን አልበሰለም። ቀመሰችው፤ መረራት። በየጠርዙ እየዞረች ራሳቸውን ያበቀሉ፣ የአውራ ጣት የሚያክሉ ጥቂት አንጮቴዎች ለቃቀመች። ቅርጫቱን ኮባ ቅጠል ጎዘጎዘችበትና እነዚያን ከላይ ደረደረች። ሲያዩት የሞላ ይመስላል። ሲሸከሙት ነው ቅጠልነቱ የሚታወቀው።

በማግስቱ ወንዙን ተሻግራ ስትደርስ ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማል። በሩ ላይ ቆመች። ጭሱ ዓይኗን ያዘው፤ ሲለቃት መጀመሪያ ያየችው ሲምቦን ነው። ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ትኩስ አንጮቴ ትልጣለች፤ ጣቷን እፍ እፍ እያለች፣ እየሳቀች። ኦብሴ ከእሷ እጅ ትጎርሳለች። ለካ ልጅቱ ራሷ ናት በሰው ልካ “አክስቴ ትምጣልኝ፣ ያንን ይዛልኝ ትምጣ” ያስባለችው።

“እማዬ! መጣሽ!”

“መጣሁ። ይዤልሽ መጣሁ።”

“አስቀምጪልኝ እማዬ፣ ነገ እበላዋለሁ። አሁን ጠግቤ…”

*ነገ።* ዳሚቱ ቅርጫቷን እንደታቀፈች ቀረች። ሴቶቹ ዘፈናቸውን ቀነስ አደረጉ። ሁሉም ዓይን ቅርጫቱ ላይ ነው፤ ያን የጣሪያ ሐረግ መጥቶ ያላየ የለማ። ሲምቦ ብድግ አለችና ቅርጫቱን ተቀበለቻት። እጇ ላይ ሲያርፍ ቅለቱን አወቀችው። ቅጠሉን ገለጥ አደረገችና መልሳ ከደነችው። ዳሚቱ የሲምቦን ሳቅ ጠበቀች። አሁን ትስቃለች። አሁን “እትዬ፣ ቅጠሉን ነው እንዴ ያመጣሽው?” ትላለች።

“የእናቷ መጣ!” አለች ሲምቦ ጮክ ብላ። “እልል በሉ እንጂ፣ ምን ይዘጋችኋል! የእናቷ አንጮቴ መጣ!”

እልልታው ቤቱን ሞላው። ሲምቦ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትወጣ ሳህኑ ላይ ያለው የራሷ የሲምቦ አንጮቴ ነበር። ነጭ፣ የሚተን፣ ቅቤው የሚንዠቀዠቅ። ዳሚቱ እጅ ላይ አኖረችላት። ዳሚቱም አጎረሰች። ምን ታድርግ? ልጇ አፏን ከፍታለች።

ኦብሴ አኘከችና ዓይኗን ጨፈነች።

“እማዬ! ዘንድሮ ያንቺም እንደ አክስቴ ሲምቦ ሆኗል!”

ጎረቤቶቹ “እንኳን ደስ ያለሽ” አሏት። ዳሚቱ ሳቀች፤ ልክ በዚያ መስቀል እንደሳቀችው። ኋላ ስታወራው፣ በዚያች ደቂቃ ሲምቦ ፀጉሯን ይዛ በሸነኑ መሃል ብትጎትታት ይቀላት እንደነበር ትናገራለች። ስድብ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን በምን ይመልሱታል?

ሲመለሱ አብረው ነበሩ። ወንዙ መሃል ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ዳሚቱ ቆመች።

“ለምን አላዋረድሽኝም?”

“ምን ብዬ እትዬ?”

“አየሽው አይደል!”

“አየሁት።” ሲምቦ ቀሚሷን ከውሃው ሰብሰብ አደረገች። “አራስ ፊት ምን ልበል? ደግሞ ዘር አበታተን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።”

“ያስተማርኩሽማ እኔ ነኝ! ታዲያ ለምን ያንቺ…”

“ሳሳ አድርጌ ነው የምበትነው። ያደረ ፍግ ነው የማደርገው። ከዚያ እተወዋለሁ። አንቺ እኮ አትተዪውም እትዬ፤ ሌሊት ሁሉ ተነስተሽ ነው የምታዪው ይላሉ።” ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳቋን ዋጠችና እንዲህ አለች፦ “ያ ጃርት ግን ከተረፈው አንዲቱን ቁራጭ ወደ ቆርቹ ይመልስልን። እማማ ዘር ዘር እያሉ እንቅልፍ አጡ።”

ዳሚቱ ቀሚሷን ሰበሰበች። ቀድማት ተሻገረች።

በነጋታው ግን ትልቋን ቁራጭ ወስዳ ከቆርቹ ሥር ቀበረቻት። በቀን፣ ሰው እያየ። አዴ ቡልቱ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የመቆፈሪያውን ድምፅ ሰሙና “ጃርቱ ተጸጸተ መሰለኝ” አሉ ለራሳቸው። የቀሩትን ቁርጥራጮች ዳሚቱ አልነቀለቻቸውም። በየአጥሩ ወጡ፣ በየቡናው ወጡ፣ በዓመቱ ጓሮዋ በቀይ ፍሬ ነደደ። ድሮ በሠፈሩ ያለችው እናት አንድ ነበረች፤ አሁን የዳሚቱ ጓሮ እናት ብቻ ሆነ። አሮጊቷ ካረፉ በኋላ ዘር የፈለገች ሴት ሁሉ ወደ እሷ መጣች፤ ከጉሊሶ መንገድ ድረስ የሚመጡ ነበሩ። ፍሬውን ጨምቃ፣ በአመድ ለውሳ፣ በቅጠል ጠቅልላ ትሰጣለች። “የዳሚቱ ዘር” ይባል ጀመር። ለሲምቦ ብቻ ግን ከታችኛው ጭንጋፍ ፍሬ ነበር የምትጨምቅላት። ከዚያም ዘር የሲምቦ እንደ ጥጃ ራስ ይሆን ነበር። የዳሚቱ የራሷ ግን መቼም ከጡጫ አላለፈም፤ ዓመት ዓመት “ትንሽም ቢሆን” እያሉ ይበሉላት ነበር።

ሲምቦ ቀድማ ሞተች። በአንድ የበጋ ወር ታመመችና ሳትሰነብት ሄደች። ለቀብሯ የወጣው ሰው ከወንዙ ማዶ ድረስ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ዳሚቱ ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ በለቅሶው መሃል ቀና ብላ ሕዝቡን ስታይ “እዚህም ቀደመችኝ” ስትል አጠገቧ የነበርን ሰምተናል።

በቀጣዩ መስከረም ክረምቱ እንደገና በአንድ ጠዋት ወጣ። የሲምቦን ጓሮ የጎበኘው አልነበረም። ዳሚቱ በአጥሩ ሾልካ ገባች። ሥር ተርፎ ከአምናው ራሱን አብቅሎ ኖሯል፤ አፈሩ እጅ እስኪገባ ተሰነጣጥቋል። አንዱን አወጣችው። ከባድ ነበር። ወዲያ ወዲህ ቃኘች፤ ዘፈን የለም። ጭኗ ላይ አኑራው ፀሐዩ እስኪጠነክር ድረስ እዚያው ተቀመጠች። ከዚያ ቤቷ ወስዳ ቀቀለችው፤ ማንንም አልጠራችም።

ፊጡማ ካለፈ በኋላ ኦብሴ መጥታ ወሰደቻት። ባለፈው ዓመት የጠየቋት ሰዎች እንዳሉን ዳሚቱ ነቀምት ናት፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ኦብሴ ቤት፣ ከኋላ በኩል ባለችው ክፍል ትኖራለች። በጓሮው አጥር ላይ አንጮቴ ይወጣል።